መጋረጃ ያለው ስክሪን

ሥራሽ ምንድን ነው ሲሉኝ መልሱ ይረዝምብኛል። መካነ ሰላም ውስጥ ሰው ወይ አስተማሪ ነው፣ ወይ ነጋዴ ነው፣ ወይ ገበሬ ነው፣ ወይ ዓረብ አገር ነው። እኔ ቤቴ ቁጭ ብዬ ለትንንሽ ማሽኖች ስክሪን እሠራለሁ። የውሃ ፓምፕ ወይም የወተት ማቀዝቀዣ ላይ መዳፍ የምታህል ስክሪን አለች አይደል? እሷ ላይ ምን እንደሚታይ፣ የትኛው ቁልፍ የት እንደሚቀመጥ፣ ሲነኩት ምን እንደሚከተል የምወስነው እኔ ነኝ። ማሽኖቹን የሚገጣጥመው አዲስ አበባ ያለ አንድ አነስተኛ ድርጅት ነው፤ እኔ የጨረስኩትን በኢንተርኔት እልካለሁ፣ ኢንተርኔት ሲኖር። ጎረቤቶቻችን ግን ይህን ሁሉ አያውቁም። «ያቺ ልጅ ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ ስዕል ስትስል ትውላለች» ነው የሚሉት። እውነታቸውን ነው።

መሥሪያዬ አንድ ፕሮግራም ነው። በግራ በኩል ዕቃዎቹ ተደርድረዋል፦ ቁልፍ፣ ጽሑፍ፣ ስዕል፣ እንደ መኪና ነዳጅ መለኪያ ያለ ክብ ነገር፣ ግራና ቀኝ የሚንሸራተት መቆጣጠሪያ። መሀል ላይ ባዶ ስክሪን ይጠብቀኛል። የምፈልገውን በማውስ እየጎተትኩ አስቀምጣለሁ፣ ቀለም እቀባለሁ፣ «ይህ ሲነካ ያኛው ገጽ ይምጣ» ብዬ አዛለሁ። ከዚያ እዚያው ኮምፒውተሩ ላይ እሞክረዋለሁ፤ እውነተኛውን ማሽን መስሎ ይታየኛል። ሲያልቅ ፕሮግራሙ ራሱ ወደ ኮድ ይለውጥልኛል፣ እኔም በገመድ ማሽኑ ላይ እጭነዋለሁ። ኮምፒውተሩ ላይ ቆንጆ የነበረው ነገር ማሽኑ ላይ ሲገባ አስቀያሚ የሆነብኝ ጊዜ ስንት ነው! ኮምፒውተሩ ላይ የምሞክረው በማውስ ነው፤ ማውስ ደግሞ ሊጥ የነካው ጣት የለውም። ፀሐይም አታርፍበትም።

ከሁሉ የሚያስቀኝ የፊደሉ ጣጣ ነው። የእነዚህ ማሽኖች ሆድ ጠባብ ነው፤ ሙሉውን የፊደል ገበታ ልጫንባቸው ብል እምቢ ይላሉ። ስለዚህ የምጽፋቸውን ቃላት አስቀድሜ እወስንና የሚያስፈልጉኝን ፊደላት ብቻ ለቅሜ አስገባለሁ። አንዱን ከረሳሁት በቦታው ባዶ ሳጥን ይመጣል። በእንግሊዝኛ የሚሠሩት ይህ ጭንቀት የለባቸውም፤ ሃያ ስድስት ፊደላቸውን ይዘው ይዝናናሉ። እኔ አንድ ቃል ለመጨመር እንደ ሠርግ ጠሪ ነው የማስበው፣ እሱን ከጠራሁ ስንት ዘመድ ተከትሎት ሊመጣ ነው እያልኩ። ሥራው ቃል ቆጣቢ አድርጎኛል። እናቴ በዚህ አትስማማም።

አሁን የማወራው ለአንድ ደንበኛ ስለሠራሁት ስክሪን ነው። ደንበኛዬ እህቴ ነበረች።

ታላቄ ናት፣ እትዬ ነው የምላት። ዓረብ አገር ሁለት ጊዜ ሄዳ ሁለት ጊዜ ተመልሳለች። እኔ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ይህን ሙያ የተማርኩት እሷ የሰው ቤት ስትጠርግ ነው። ቤታችን ውስጥ ይህን የሚያነሳ የለም፤ እሷም አታነሳውም። ሁለተኛውን ኮንትራት ጨርሳ ስትመጣ «ከእንግዲህ አልሄድም» አለች። በፊት ስትመለስም እንዲሁ ብላ ነበር። የሠራችበት ቤት እመቤት፣ «ማዳም» የምንላት፣ መደወሏን አላቆመችም፦ ቪዛው ዝግጁ ነው፣ ልጆቹ አንቺን አንቺን ይላሉ፣ መቼ ነው የምትመጪው። እህቴ እምቢ አትላትም፤ «ኢንሻአላህ» ትላታለች። ኢንሻአላህን እንዲህ ስትናገረው በሩን ገርበብ አድርጎ መተው ነው። እናቴ ያንን ስልክ በሰማች ቁጥር ምግብ አይወርድላትም ነበር።

አንድ ቀን እህቴ ጫጩት ልፈልፍል አለች። በመካነ ሰላምና በዙሪያዋ የተሻለ ዘር ጫጩት የሚፈልግ ሰው ሞልቷል፤ ጫጩቱ ግን የሚመጣው ከሩቅ ነው፣ መንገድ ላይም ይሞታል። ሐሳቡን ወደድኩት። የመፈልፈያውን ሣጥን የሰፈራችን አናጢ ሠራልን፤ ማሞቂያውን፣ ማራገቢያውን፣ የሙቀት መለኪያውንና ስክሪን ያለባትን ካርድ፣ የማሽኑን አንጎል፣ እኔ ከአዲስ አበባ አስመጣሁ። ማሽኑ ተገጣጥሞ ሳሎናችን ውስጥ የቆመ ዕለት እህቴ ፊት ለፊቱ ቆማ እንዲህ አለችን፦

«ስሙኝ፣ ከዚህ ከመጀመሪያው ዙር ጫጩት ከወጣ እዚሁ ነኝ። ካልወጣ ግን ለማዳም እመጣለሁ እላታለሁ። ደግሞ እንዳትለምኑኝ።»

 እኔ በልቤ ይህ ሥራ እስከዛሬ ከሠራሁት ሁሉ ይከብዳል አልኩ።

እትዬ ከስክሪኑ የምትፈልገውን ስጠይቃት ስለ ቀለም ወይም ስለ ቁጥር አልነገረችኝም። «አደራሽን፣ የሚጮህ ነገር እንዳታደርጊብኝ» ነው ያለችኝ። «እዚያ ልብስ ማጠቢያው ይጠራኛል፣ ምድጃው ይጠራኛል፣ ዕቃ ማጠቢያው ይጠራኛል፣ ፎቅ ላይ ያለችው አሮጊት በደወል ትጠራኛለች። አሁንም አንድ ነገር ጢጥ ካለ ከእንቅልፌ ብድግ እላለሁ። በገዛ ቤቴ ማሽን አይጠራኝም።»

ማሽኑ ላይ ለአደጋ ጊዜ የምትጮህ ትንሽ ነገር ነበረች። ጨርሶ ማጥፋት ፈራሁ፤ ግን ድምጿን ቀነስኳት፣ ከቅርብ ካልሆነ የማትሰማ አደረግኋት። ስክሪኑ ላይ ግን ያለኝን ሁሉ አወጣሁ። መሀል ላይ ትልቅ የሙቀት መለኪያ፣ ከሥሩ እርጥበቱ፣ ዙሪያውን ከቀኑ ጋር እየሞላ የሚሄድ ቀለበት፣ ቀን በቀን ስንጥቋ የሚሰፋ የእንቁላል ስዕል። ከሁሉም በላይ፣ ከበሩ የገባ ሰው እንዲያየው አድርጌ፣ በደማቅ ቢጫ፣ የእንቁላሎቹ ብዛት። ኩራቴ ልክ አልነበረውም። ፎቶ አንስቼ አዲስ አበባ ላሉት ባልደረቦቼ ልኬያለሁ።

እናቴ መጥታ አየችው። መጀመሪያ «ማሻአላህ» አለች። ቀጥላ «ይኼ ቁጥር ምንድን ነው?» አለች።

«የእንቁላሉ ብዛት ነው እማ።»

«ለምንድን ነው የሚታየው?»

ሳቅሁባት። እናቴ ዶሮ ስታስታቅፍ ጨለማ ጥግ ትመርጣለች፤ ስንት እንቁላል እንዳስቀመጠች ለእኛ ለልጆቿ እንኳ አትናገርም። ጎረቤት ከጠየቃት «ጥቂት ናት» ብላ ወሬ ትለውጣለች። ልጅ፣ ከብት፣ የታቀፈ እንቁላል ተቆጥሮ ለሰው አይነገርም፣ ዓይን ይበላዋል። ይህን ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም፤ እዚያው ነው ያደግሁት። ማሽን ግን ዶሮ መስሎ አልታየኝም።

እንቁላሎቹን ከደሴ ያመጣናቸው በሚኒባስ ነው፣ ጭናችን ላይ አድርገን። አቀስታ ላይ መኪናው ሰው ለመጫን ሲቆም ብርዱ በበሩ ገባና እህቴ ሹራቧን አውልቃ እንቁላሎቹን አለበሰች። እሷ እየተንቀጠቀጠች ነው። ረዳቱ አየና «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ሲባል ነበር የማውቀው፤ የዛሬዎቹ ደግሞ ሹራብ ለብሰው በሚኒባስ!» አለ። መኪናው በሙሉ ሳቀ። እህቴም ሳቀች። በቀጠሉት ሳምንታት ይህን ተረት ያልተረተባት ሰው አልነበረም፤ እኔ ጆሮዬ እስኪደነዝዝ ሰምቼዋለሁ፣ እሷ ግን በሰማችው ቁጥር እንደ አዲስ ትስቅ ነበር።

እንቁላሎቹ ገቡ፣ ማሽኑ ሞቀ። መብራት ሲጠፋ ባትሪው ይረከባል፤ ባትሪው ሲደክም ደግሞ መብራት ይመጣል፤ አላህ ራሱ ተራ ያስያዛቸው ይመስል ነበር። እህቴ ጠዋት ጠዋት ከሶላት በኋላ ስክሪኑ ፊት ትቀመጣለች። የቀለበቱን መሙላት ማየት ትወድ ነበር። እኔም እሷን ማየት እወድ ነበር፤ ሰው በሠራሁት ነገር ፊት እንዲህ ረግቶ ሲቀመጥ አይቼ አላውቅም።

የመጨረሻው ሳምንት ሲገባ ገበያ ዋለ። ገበያ ሲውል ቤታችን ማረፊያ ነው፤ ከገጠር የሚመጡ ዘመዶች ሸምተው ጨርሰው እኛ ጋ ቁጭ ይላሉ፣ ይበላሉ፣ ወሬ ያራግፋሉ። ከነሱ መሀል የአባቴ አክስት አሉ። ደግ ሰው ናቸው። አንድ ችግር ብቻ አለባቸው፦ ያዩትን ሁሉ ያደንቃሉ፣ «ማሻአላህ» ማለት ግን ይረሳሉ። እናቴ ትወዳቸዋለች፤ ሲመጡ ግን አራስም ካለች፣ የምትታለብ ላምም ካለች ወደ ጓዳ ነው።

በዚያ ቀን እኔና እትዬ ለጫጩቶቹ ወለል የሚነጠፍ ሰጋቱራ ልናመጣ አናጢው ጋ ሄደናል። ስንመለስ ሳሎኑ በእንግዳ ሞልቷል። ማሽኑ ግን የለም። በቦታው በጋቢ የተጀቦነ ነገር ቆሟል፤ ከጋቢው ላይ ብርድ ልብስ፣ ከብርድ ልብሱ ላይ ትራስ። ከውስጥ፣ በጣም ከሩቅ እንደሚመጣ ሆኖ፣ ጢጥ፣ ጢጥ፣ ጢጥ ይላል።

እህቴ ለማንም ሰላም አላለችም። ሰጋቱራውን በሩ ላይ ጥላ ሮጠች፣ ትራሱን ወረወረች፣ ብርድ ልብሱንና ጋቢውን ጎተተች። ስክሪኑ ደም መስሏል። ለአደጋ ጊዜ ቀዩን ቀለም የመረጥኩት እኔ ነኝ፤ እንዲህ አስፈሪ መሆኑን ግን ያን ጊዜ ነው ያወቅሁት።

የሆነው ይህ ነው። በመጨረሻው ሳምንት እንቁላሉ ውስጥ ያሉት ጫጩቶች ራሳቸው ሙቀት ይሰጣሉ። ማሽኑ ማሞቂያውን ቢያጠፋም ሙቀቱ በሣጥኑ ቀዳዳዎች መውጣት አለበት፣ አየርም መግባት አለበት። እናቴ የእንግዶቹን ድምፅ ከደጅ ስትሰማ ማሽኑን በጋቢ ሸፈነችው፤ ቀዳዳዎቹ ተደፈኑ። ሙቀቱ ከልክ ሲያልፍ ማሽኑ መጮህ ጀመረ። እናቴ ደግሞ ጩኸቱን ስትሰማ ማሽኑ «ኑ፣ እዩኝ» እያለ እንግዳ የሚጠራ መሰላት። ብርድ ልብስ ጨመረች። አሁንም ጮኸ። ትራስ ጨመረች። አክስታችን «ምንድን ነው የሚጮኸው?» ብለው ሲጠይቋት «ስልክ ነው» አለቻቸው።

ክዳኑን ከፍተን በሰፌድ እናራግብ ጀመር። አክስታችን ተነስተው መጡ። «ኧረ ይኼ እንዴት ያለ ያማረ ዕቃ ነው! ኧረ እንቁላሉ ብዛቱ!» አሉ።

«ማሻአላህ በሉ እንጂ!» አለች እናቴ፣ ጩኸት በሚመስል ድምፅ። 

እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ እህቴ መሬት ላይ ቁጭ አለች። ሙቀቱ ወርዶ ስክሪኑ ወደ አረንጓዴ ተመልሷል፤ እሷ ግን ቀና ብላ አላየችውም። «በቃ። አበቃ። እደውልላታለሁ» አለች። ስልኳን ከኪሷ ስታወጣ እጄን ጫንኩበት።

«መጀመሪያ እንያቸው እትዬ።»

መስኮቱን ዘጋን፣ በሩን መለስን። የስልኳን መብራት አብርቼ አንዱን እንቁላል ላዩ ላይ አስቀመጥኩ። ውስጡ ጠቁሯል፣ ከላይ ብቻ ጠባብ ብርሃን አለ። ጠበቅን።  ከዚያ በብርሃኑ ጠርዝ አንድ ጥላ፣ የምንቁር ጫፍ የምታህል፣ ብቅ ብላ ተመለሰች። እህቴ ክንዴን ጨመቀችኝ። ሌላ አነሳን። እሱ ዝም ብሏል። ሌላ አነሳን፤ ተንቀሳቀሰ። የሞቱም አሉ፣ በሕይወት ያሉም አሉ። ስልኳን ወደ ኪሷ መለሰች። «እስኪፈለፈል እጠብቃለሁ» አለች፣ ከዚህ ሌላ ምንም አልጨመረችም።

ከእናቴ ጋር የተጣላሁት በማግስቱ ነው። ቁጡ ነኝ፣ አልክድም። ዓይን የሚባል ነገር የለም፣ አጉል እምነት ነው፣ የልጅሽን እንጀራ ልታፍኝ ነበር፤ አፌ ያመጣውን ሁሉ ተናገርኩ። እናቴ እስክጨርስ ጠበቀችኝ።

«እሺ፣ አጉል ነው» አለች። «እኔ ያልተማርኩ ነኝ። አየር እንደሚፈልግ የነገረኝም የለም። ግን አንቺ የተማርሽው ልጄ፣ ሰው ሀብቱን ግንባሩ ላይ ጽፎ በር ላይ ይቀመጣል? ያ ቁጥር እንደዚያ አፍጥጦ እያለ የሚመጣው ገበያ ከደረሰ፣ ወላሂ፣ ወይ እሸፍነዋለሁ ወይ እዚህ ቤት አልውልም።» ድምጿ ተሰበረ። «እኔ ጫጩት ፈልጌ ነው? እንዳትሄድብኝ ብዬ እኮ ነው የሸፈንኩት።»

 ሄጄ ኮምፒውተሬን ከፈትኩ።

ማሽኑን ወደ ጓዳ እንዳንወስደው ጓዳው በረዶ ነው፣ ደግሞ በዚያ ሳምንት ማንቀሳቀስ አይቻልም። ሳሳ ያለ ጨርቅም ቢሆን እናቴ ስትጨነቅ እንደሚደራረብ አይቻለሁ። የቀረኝ አንድ መንገድ ነው፦ ስክሪኑ ራሱን ይሸፍን። ፕሮግራሙ አንድን ገጽ ከላይ ወደ ታች እያንሸራተተ የሚያወርድ ነገር አለው፤ እስከዚያ ቀን ለጌጥ እንጂ ለቁም ነገር ተጠቅሜበት አላውቅም። የጓዳችንን በር መጋረጃ ፎቶ አንስቼ፣ ቀይና አረንጓዴውን መስመር ሳይቀር፣ ስክሪኑን በሙሉ የሚሞላ መጋረጃ ሳልኩ። ቁጥር የለበትም። መለኪያ የለበትም። መሀሉ ላይ «ደህና» የምትል አንዲት ቃል ብቻ። ስክሪኑን የትም ቦታ ቢነኩት መጋረጃው ይወርዳል፤ ቁጥሩን ማየት የፈለገ ጣቱን ጫን አድርጎ መቆየት አለበት። አደጋ ከመጣ ግን መጋረጃው በራሱ ይገለጣል፣ ቀዩ ገጽ ይመጣል፣ «ግለጡኝ» ይላል።

እናቴ ማንበብ ስለማትችል ለቀዩ ገጽ ስዕል ያስፈልጋል። ከሣጥን ላይ ጋቢ የሚያነሳ እጅ ሳልኩና አሳየኋት። ረጅም ጊዜ አየችው። «ሰውየው ብርድ ይዞት ነው?» አለች። አጠፋሁት። የተቆለፈ በር ሳልኩ። «ሌባ መጣ ነው?» አለች። ተስፋ ልቆርጥ ስል «ጫጩት ሲታፈን አፉን ነው የሚከፍተው» አለችኝ፣ በግማሽ ልቧ ሽንኩርት እየከተፈች። አፉን የከፈተ ጫጩት ሳልኩ። ኮምፒውተሩ ላይ ባየችው ጊዜ በሽንኩርት ጣቷ ጫጩቱን ነካችው፤ የኮምፒውተሬ ስክሪን እስከዛሬ ነጠብጣብ አለበት።

ድምፁን ከእህቴ ጋር ነው ያስተካከልነው። «ይጩህ» አለች። «ግን እንደዚያኛዎቹ አይሁን።» ያቺ ትንሽ ነገር ዜማ አትችልም፤ ማሳጠርና ማስረዘም ብቻ ነው የምትችለው። ብዙ ሞከርን። በመጨረሻ የሠርግ ከበሮ አመታት የሚመስል አንድ ነገር መጣና እህቴ በመዳፏ ጭኗን መታ መታ አደረገች። ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፍ አደረግሁት።

ልጭነው ስል ግን ተቃወመችኝ። ሲጫን ማሽኑ ለትንሽ ጊዜ ይቆማል። «አሁን ነው የምትነካኪው? የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ሲባል አልሰማሽም?» አለችኝ። እኔም ፈርቼ ነበር፤ መሞከሪያ ሌላ ካርድ የለኝም፣ ያለኝ ኮምፒውተሩ ላይ መሞከር ብቻ ነው። ገበያው ደግሞ ነገ ነው። እናቴ «ቢስሚላህ በይና ጫኚው» አለች። ገመዱን ሰካሁ። ስክሪኑ ጠቆረ። ማራገቢያው ቆመ።  ከዚያ ማራገቢያው ተነሳ፣ መጋረጃውም ከላይ ወደ ታች ቀስ እያለ ወረደ። መሀሉ ላይ «ደ»፣ ቀጥሎ አንድ ባዶ ሳጥን፣ ቀጥሎ «ና»። «ህ»ን ረስቻታለሁ። ላስተካክል ገመዱን ስፈልግ እህቴ ከእጄ ነጠቀችኝ። እናቴ «ተዪው፣ ሳጥኗም ታምራለች» አለች። እንደዚያው ቀረ።

በማግስቱ እንግዶች መጡ፣ አክስታችንም መጡ። እናቴ ከማሽኑ አጠገብ ቆማ ነበር። ስክሪኑን ነካችው፤ እምቢ አላት፣ ሥራ ያደነደነውን ጣት ማሽኑ ቶሎ አይሰማም። ደግማ ጫነችው። መጋረጃው ወረደ። እንቁላሎቹ በሚታዩበት በሣጥኑ መስታወት ላይ ብቻ አንዲት መሐረብ ጣል አድርጋለች፤ ቀዳዳዎቹን እያንዳንዳቸውን ቀድማ አሳይታኛለች፣ አንዱም አልተደፈነም።

«ይኼ ደግሞ ምንድን ነው?» አሉ አክስታችን።

«መጋረጃ ነው።»

«ኧረ እንዴት ያለ ያማረ መጋረጃ ነው! ብርሃን አለው እኮ!» ሲሉ ቆዩ። ጨርቁ የት እንደሚሸጥ ጠየቋት። እናቴ ወደኔ ዞር ብላ ጠቀሰችኝ፤ መጋረጃውን ዓይን ቢበላው የሚጎዳ የለም። ያን ቀን ከእንግዶቹ ሁሉ በላይ ስትስቅ የዋለችው እሷ ናት።

ጫጩቶቹ ከመውጣታቸው በፊት ድምፃቸው ነው የመጣው። ጠዋት ነው፣ ፀሐይ ገና ሳሎን አልገባችም። እህቴ እንደ ልማዷ ማሽኑ ፊት ተቀምጣለች፣ እኔ ፊቴን ታጥቤ ስገባ በጣቷ ዝም በይ አለችኝ። ከሣጥኑ ውስጥ ቀጭን ጩኸት ይሰማል። አንድ። ከዚያ ከሌላ ጥግ መልስ። እናቴ መጣች፣ ጆሮዋን ለጠፈች፣ «አልሐምዱሊላህ» አለች፣ ወዲያው መጋረጃውን አወረደችው፤ ከእኛ ሌላ በቤቱ ሰው ሳይኖር።

ስንት እንደወጡ እንዳልናገር እናቴ ስላስማለችኝ አልናገርም። ሁሉም አልወጡም። በጋቢው ቀን የታፈኑት እንደታፈኑ ቀርተዋል፣ እህቴ እነሱን ለይታ ስታወጣ አልቅሳለች። የወጡት ግን ብዙ ናቸው፤ አናጢው ሁለተኛ ሣጥን እንዲሠራ የተነገረው በዚያው ሳምንት ነው።

ማዳም የደወለችው ጫጩቶቹ ደርቀው ሰጋቱራው ላይ በወጡበት ቀን ከሰዓት ነው። ማዳም ስትደውል እህቴ ሁልጊዜ ከመቀመጫዋ ትነሳለች፣ ሴትየዋ ታያት ይመስል ሻሿንም ታስተካክላለች። የዚያን ቀን ግን ሰጋቱራው ላይ እግሯን አጣጥፋ ተቀምጣ ነበር፣ ቀሚሷ ላይ ሁለት ጫጩት ተኝቷል። ስልኩን አነሳች። አልተነሳችም። ሴትየዋ ረጅም ነገር ተናገረች፤ እህቴ በሌላኛው እጇ ጫጩቶቹን ከነፋስ ከልላ እስክትጨርስ ሰማቻት። እኔ ዓረብኛ አልችልም፤ ከዚያ ስልክ ስሰማው የኖርኩት «ሐድር»ን ነው፣ «እሺ፣ ይታዘዛል» ማለት ነው። እሱን ጠበቅሁ።

«ላ» አለች እህቴ። ከዚያ ደግሞ፣ ድምጿን ሳታነሳ፣ ማዳምን ሁልጊዜ እንደምትጠራት፣ «ላ፣ ማማ።»

እናቴ በሩ ላይ ቆማ ነበር። የእናቴ ዓረብኛ የሶላት ብቻ ነው፤ «ላ»ን ግን ታውቃታለች፣ «አይ» ማለት ናት፣ ሸሃዳው የሚጀምርባት ቃል። በያዘችው የጥሬ ሰሐን ፊቷን ሸፍና አለቀሰች።